የሸራው ጀርባ

ሠዓሊው የመጣው በሐምሌ ወር ነበር፣
እኛ ሴቶች ጨርቁን ስናሰጣ በሣር።
የሃርለም ነጋዴ አንገቱ ላይ የሚያስረው ዳንቴል
ከእኛ እጅ ነው የሚወጣ፤ በአመድ ውሃ ተቀቅሎ፣ አሬራ ጠጥቶ፣ ጸድቶ እንደ ጠል።

«ማነሽ አንቺ?» አለኝ። «ማሪትገን» አልኩት።
«ቁጭ በይልኝ እስቲ» ቢለኝ፣ ባልዲዬን አስቀመጥኩት።
ሁለት ስታይቨር ሊሰጠኝ፣ ለአንድ ማለዳ ሙሉ፣
ዝንብ ቢያርፍብኝ እንኳ ላልንቀሳቀስ፣ ተዋዋልን በቃሉ።
ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ?
ለእንደ እኔ ያለች ሴት መቀመጥ ብቻውን በዓል ነው እላለሁ።

ሃይበርት ነው ስሙ። እሱም ምስኪን ነበር፤ የእጅጌው ጫፍ ተልትሎ፣
ከዳቦ ጋጋሪው ዕዳ ተሸሽጎ እኛ መንደር ውሎ።
(ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ቀለም ሲበጠብጥ
አፉ አያርፍም ነበር፣ ሲለፈልፍ፣ ሲያላግጥ።)

«ሳቂ» አለኝ። «በምኑ?» አልኩት። እዚያው በቆምንበት
የባሕር ወፍ መጥታ የቁርስ ዓሣውን ከእጁ ነጠቀችበት።
ሳቅኩ፤ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። እሱም ብሩሹን አንስቶ
ቶሎ ቶሎ ያዘው ሳቄን፣ በባዶ ሆዱ፣ ተቆጥቶ።

ቦዩ ሦስት ጊዜ በረዶ ሆነ፣ ሦስት ጊዜ ቀለጠ።
ወገቤ ለሣሩ ሥራ አልሆን አለ፤ እግሬም አበጠ፤
ሣር ላይ ቀኑን ሙሉ መጎንበስ አልቻልኩም፤
መንበርከክ ግን እችላለሁ፤ ለመንበርከክ የሚደክም የድሃ ጉልበት የለም።
በቁንዶ በርበሬ የከበረ ሰው ቤት ገባሁ፣
ጥቁርና ነጭ እብነ በረዱን ቅዳሜ ቅዳሜ ላጥብ ተቀጠርሁ።

ከምድጃው በላይ፣ በጥቁር ክፈፍ ውስጥ፣ አንዲት ሴት አለች፤
አፏን ከፍታ ትስቃለች።
ባልዲዋስ? ባልዲው ማንቆርቆሪያ ሆኗል፣ የቢራ፤
ሣሩ መጠጥ ቤት ሆኗል፣ ውሻና ሰካራም የሚተራመስበት ስፍራ።
ጡቷ ከሸሚዟ ሊያመልጥ ምን ቀረው?
ይህች እኔ አይደለሁም ልል ነው፤ አውራ ጣቷን ሳየው
ዝም አልኩ።
የአመድ ውሃ የሰነጠቀው፣ በብርድ ቀን የሚደማ፤
ከዚያ ሁሉ ውሸት መሃል አንድ እውነት፣ ከእኔ በቀር ማንም የማይሰማ።

እንግዶች መጡ።
«ተመልከቱ፣ የሥራ ጠል ሕዝብ መጨረሻው ምን እንደሚመጣ!»
አለ ጌታዬ፤ አለና ብርጭቆውን አንስቶ ጠጣ።
ሚስቱ ሳቀች፤ ዳንቴሏም ከአንገቷ ጋር ሳቀ፣ ነጥቶ እየታየ፤
ያነጣችውን ግን፣ ከእግራቸው ሥር፣ ከባልዲው ጋር፣ ማን አየ?
«ኧረ ስለ ዓሣ ነው» ልላቸው ምላሴ ጫፍ ደረሰ፤
ዋጥኩት። ጨርቄን ጨመቅኩ። ውሃው ፈሰሰ።

ዋጋው ስልሳ ጊልደር ነው አሉ።
ስልሳ!
እኔ በዓመት ይህን አላይም፣ ጉልበቴ ድንጋይ ላይ ሲሳሳ።
ሥዕሏ እኔ የሥጋዋን እኔ ትገዛኛለች፤
ግድግዳ ላይ ሆና፣ ምንም ሳትሠራ፣ ትበላኛለች።

ትናንት ቤቱ ባዶ ነበር። የሸረሪት ድር ልጠርግ
ክፈፉን ከግድግዳው ፈቀቅ ሳደርግ
ጀርባዋን አየሁት።
ለካ የተልባ እግር ነው! ጥሬ፣ ያልነጣ፣ ዳማ፣
ከሸማኔ እጅ ወጥቶ አሬራ ያልቀመሰ፣ ፀሐይ ያልተጠማ።
ያውም መናኛ ነው፤ ድሩ እዚህ ተቋጥሮ፣ ማጉ እዚያ ላልቶ፤
እኛ መስክ ቢመጣ ኖሮ፣ አሠሪያችን ይመልሰው ነበር፣ «ለከረጢት!» ብሎ፣ ተቆጥቶ።

ጣቴን አሳለፍኩበት፤ ስንጥቁ ክር ያዘ።
ቆምኩ። ቆሜ ሳለሁ እጄ ቀዘቀዘ።

ወደ ቦታዋ መለስኳት። ትንሽ ዘመመች፤ አላቀናኋት።
ጌታዬ ሰኞ ሲመለስ፣ «ይኸው ሰክራለች» ይበላት።